አረንጓዴ እስክትሆን በሞቴ

ጠዋት ቢሮ ገብቼ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ግዛቸው ከወንበሩ ሆኖ «ቀይዋ እንዴት አደረች?» ይለኛል። የእኔ አዳር አያሳስበውም። መኪናዬ አልነሳ ብሎኝ፣ መንገድ ተዘጋግቶብኝ፣ ቁርስ ሳልቀምስ መጥቼ ሊሆን ይችላል፤ እሱ የሚጠይቀው ስለ ቀይዋ ነው። እኔም ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስክሪን ቀና ብዬ አይና «ዛሬ ደህና ነች» ወይም «ዛሬም ብሶባታል» እለዋለሁ።

ቀይዋ ሰው አይደለችም፤ ቴስት ነች። ሶፍትዌራችን በትክክል መስራቱን በየቀኑ በራሳቸው እየተነሱ የሚፈትሹ ብዙ ትናንሽ ፕሮግራሞች አሉን። ያለፈው አረንጓዴ፣ የወደቀው ቀይ ሆኖ ስክሪኑ ላይ ይደረደራል። ሌሎቹ ጨዋዎች ናቸው፤ ካለፉ አለፉ፣ ከወደቁ ወደቁ። ይቺ አንዷ ግን ጠዋት ቀይ፣ ከምሳ በኋላ አረንጓዴ፣ በማግስቱ ደግሞ እንደገና ቀይ ነች። በመሃል አንዲት ፊደል የነካ ሰው የለም። እንዲህ ያለች ቴስት ያለችው ሰው ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ ምን እያለች እንደሆነ ይሰማታል፣ ወይ አጥፍቶ ይገላገላታል። እኛ ሐበሾች ነንና ሦስተኛ መንገድ ፈለግን።

«እኛ» የምለው ሦስት ሰዎችን ነው። አለቃችን ጉግሳ ድሮ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳ ነበር። ከዚያ ቫን ገዛ፣ ከዚያ ቫኖች ገዛ፣ በሽተኞችን ከቤታቸው ወደ ሕክምና የሚያመላልስ ኩባንያ አቋቋመ። በፈረንጆቹ 2009፣ አገሩ ሁሉ ሠራተኛ ሲቀንስ፣ እሱ «ሹፌር የሚመድብ የራሳችንን ሶፍትዌር ሠርተን ለሌሎች እንሸጣለን» ብሎ አርሊንግተን ከተማ ውስጥ ከጥፍር ሳሎን ጎን አንድ ክፍል ተከራየ። ፎርት ዎርዝ መጋዘን ውስጥ ሳጥን ሲያነሳ ያገኘውን ግዛቸውን ፕሮግራመር አድርጎ ቀጠረ፤ ልጁ አዲስ አበባ ኮምፒውተር ተምሮ በዲቪ የመጣ ነው። እኔን ሙኒያን ደግሞ ቴስተር አደረገኝ። የቴስተር ሥራ የሰው ሥራ ላይ ስህተት መፈለግ ነው፤ ደሴ እያለሁ በነጻ እሠራው የነበረ ነገር ነው።

እማማ የትምወርቅ የጉግሳ እናት ናቸው። ኩላሊታቸው ሥራ አቁሟል፤ ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ ጠዋት ዲያሊሲስ ማዕከል ሄደው ማሽን ደማቸውን ያጥብላቸዋል። ዶክተራቸው ለጉግሳ ሳይሸፋፍን ነግሮታል። አንድ ቀን ቢቀሩ ውሃው ሰውነታቸው ውስጥ ይጠራቀማል፣ ተከታትለው ሁለቴ ቢቀሩ ሳንባቸውና ልባቸው ላይ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እኔን አትጠይቀኝ ብሎታል። እማማ የሚኖሩት ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር፣ እኔ ያለሁበት አፓርታማ ግቢ ውስጥ ነው። የልጃቸውን ትልቅ ቤት «ሰው የለበትም፣ ሣር ብቻ ነው» ብለው አልገባም አሉ።

ጉግሳ ሶፍትዌሩ ገና እንደተሠራ የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ እናቱን አደረገ። ገዢ በመጣ ቁጥር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «የገዛ እናቴን ያስቀመጥኩበት ሶፍትዌር ነው» ይላል። ሌላ ነጋዴ ዋስትና ይሰጣል፤ ጉግሳ እናቱን ሰጠ። ከእሳቸው ጋር ሌሎች የሐበሻ እናቶችና አባቶችም ለሙከራ ገቡ። ለምን እነሱ ተመረጡ ቢባል ቅሬታ ስለማያቀርቡ ነው። ፈረንጁ ተሳፋሪ ቫኑ ትንሽ ከዘገየበት ስልኩን አንስቶ የጉግሳን ዘር ማንዘር እየጠራ ይሳደባል። የእኛዎቹ ሹፌሩን መርቀው ነው የሚገቡት።

ቀይዋ የምትፈትሸው ነገር ቀላል ነው። ሁለት የስምሪት ሠራተኞች በየኮምፒውተራቸው ሆነው ለሁለት የተለያዩ በሽተኞች አንዱን ሹፌር በአንድ ቅጽበት ቢመድቡት ምን ይሆናል? መሆን ያለበት ለአንደኛው «ተመድቧል»፣ ለሌላው «ሹፌሩ ተይዟል፣ ሌላ ፈልግ» መባል ነው። አንዳንዴ ግን ሶፍትዌራችን ለሁለቱም «ተመድቧል» ይላል። ሹፌሩ ስልክ ላይ የሚታየው ግን አንደኛው በሽተኛ ብቻ ነው። ሁለተኛው ለባብሶ በር በሩን እያየ ይቀራል። ሹፌሩም አያውቅ፣ ቢሮውም አያውቅ።

ለቀይዋ ጠባይ ያልተሰጠ ምክንያት የለም። ግዛቸው መጀመሪያ ሰርቨሩን ጠረጠረ። ጉግሳ የጥፍር ሳሎኑን ማድረቂያ ጠረጠረ፤ «ኤሌክትሪካችንን እየሳቡት ነው» ብሎ ሄዶ ከባለቤቷ ጋር ሊጣላ ምንም አልቀረውም። አንድ ቀን ከልቡ ይሁን ከቀልዱ ሳይታወቅ «ጠበል ልርጭባት እንዴ?» አለ። እኔም «እርጭ፣ እኔ ደግሞ ዱዓ አደርጋለሁ» አልኩት። ቴስቷን ቁጭ ብሎ ማንበብ ግን ለማንም ትዝ አላለውም፤ ቢልም ጊዜ አልተሰጠውም።

አንድ ሰኞ ጉግሳ እየበረረ ገባ።

«ሐሙስ የፎርት ዎርዞቹ ይመጣሉ» አለ። «ብዙ ቫን ያላቸው ናቸው። ከወደዱት ሳይን ያደርጋሉ። ቴስቶቻችሁን አሳዩን ብለዋል። ሶ፣ ያ ስክሪን ላይ ቀይ ነገር ማየት አልፈልግም።»

«ታይሚንግ ነው» አለ ግዛቸው። «ማለቴ፣ ሁለቱ ክሊኮች በጣም ሲቀራረቡ ነው የምትወድቀው። ሁለት ሳምንት ብትሰጠኝ ፊክስ አደርጋታለሁ።»

«ሐሙስ አልኩህ እኮ! ደግሞ ሁለት ሰው በአንድ ሰከንድ ክሊክ የሚያደርገው መቼ ነው?»

«ጠዋት ጠዋት» አልኩት እኔ። «ዲያሊሲስ የሚሄደው ሁሉ ጠዋት ነው የሚሄደው። ስምሪት ላይ ያሉት ሁለቱ ልጆች በዚያ ሰዓት ከክሊክ በቀር ሌላ ሥራ የላቸውም። ቀይዋ እውነቷን ቢሆንስ?»

ጉግሳ ፈገግ አለ። ይህን ፈገግታ አውቀዋለሁ፤ ኤርፖርት ላይ ሻንጣው ለጠፋበት ሰው የሚሰጥ ዓይነት ነው።

«ሙኒያ፣ ኮንፈርሜሽኑ ስንት ነው?» አለኝ።

ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ማሽን ለተሳፋሪው ይደውላል። «ሹፌርዎ በሰዓቱ ከመጣ አንድን፣ ካልመጣ ሁለትን ይጫኑ» ይላል በአማርኛ። ድምፁ የእኔ ነው፤ ጉግሳ ባለሙያ ከሚቀጥር የእኔን አፍ መረጠ። ሙከራው ከተጀመረ ወዲህ አንድም ሰው ሁለትን ተጭኖ አያውቅም።

«መቶ ፐርሰንት» አልኩት።

«መቶ ፐርሰንት! ያውም ከሰው። እውነተኛ ሰው! ሰው ሁሉ መጥቷል እያለኝ አንዲት ቴስትን ልመን?»

መቶ ፐርሰንት የሚባል ነገር ደስ አይለኝም፤ እኛ አገር መቶ ፐርሰንት የሰማሁት በምርጫ ሰሞን ብቻ ነው። ግን ደስ አይለኝም ማለት መልስ አይደለም።

«ሪራን ስትደረግ፣ እንደገና ስትነሳ፣ ታልፋለች አይደል?» አለው ጉግሳ ግዛቸውን። «ኦኬ፣ እስክታልፍ ሪራን አድርጋት።»

ግዛቸው ወደ መጋዘኑ መመለስ አይፈልግም፤ ወገቡ ገና አላገገመለትም። ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ አንዲት አጭር ፕሮግራም ጻፈ። ቀይዋ ከወደቀች ደግማ ታስኬዳታለች፣ አሁንም ከወደቀች አሁንም፣ እስከ ሦስት ጊዜ። ከሦስቱ አንዴ ካለፈች አረንጓዴ ትባላለች። ስሟን «በሞቴ» አላት። እንግዳ ምግብ ሲቀርብለት መጀመሪያ «በልቻለሁ» ይላል፣ ቀጥሎ «በቃኝ» ይላል፣ «በሞቴ» ሲባል ይጎርሳል። አገራችን ውስጥ የመጀመሪያውን «አልፈልግም» አምኖ ሳህኑን ያነሳ ባለቤት የለም፤ ቢኖርም ስሙ በክፉ ይነሳል። ግዛቸው ይህን የተከበረ ባህል ለኮምፒውተር አስተማረው። ጉግሳ ስሙን ሲሰማ በሳቅ ፈረሰ። እኔም፣ ምን እዋሻለሁ፣ ስቄአለሁ።

«ማሽን እኮ ይሉኝታ የላትም» አልኩት ግዛቸውን ጉግሳ ሲወጣ። «አይሆንም ካለች አይሆንም ማለቷ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እስከ ሐሙስ ብቻ ነው።»

በዚህ ሙያ «እስከ ሐሙስ ብቻ» የተባለ ነገር የተናገረው ሰውዬ ጡረታ እስኪወጣ ይኖራል።

ማክሰኞና ረቡዕ ቀይዋ እየተለመነች አለፈች። ረቡዕ ከሁለት ልመና በኋላ ነበር ያለፈችው፤ ለጉግሳ ብነግረው «ዋናው ማለፏ ነው» አለኝ። ሐሙስ ጠዋት ግን እንግዶቹ ውጭ ፓርክ እያደረጉ ሳለ ሦስቴ ተለምና ሦስቴም እምቢ አለች። በአረንጓዴ መሃል ብቻዋን ቀልታ ቁጭ። ጉግሳ አንዴ መስኮቱን አንዴ ስክሪኑን እያየ «አውጣት! አውጣት!» ይላል፤ ቤት ውስጥ እባብ የገባ ይመስል ነበር። ግዛቸው አንድ መስመር ጻፈና ቀይዋ ከስክሪኑ ጠፋች። በሙያው ቋንቋ ኳራንቲን ገባች ይባላል። በዚያ ዓመት የአሳማ ጉንፋን ነበርና ኳራንቲን ምን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም፤ ሌላው ዓለም በሽተኛውን ሲያገል እኛ ሐኪሟን አገለልን።

እንግዶቹ ገቡ፣ ዶናት በሉ፣ ስክሪኑን አዩ። ከመካከላቸው አንዲት ነቃ ያለች ሴትዮ «አንዳንዴ የሚያልፍ አንዳንዴ የሚወድቅ ቴስት የላችሁም?» ብላ ጠየቀች። ጉግሳ ዐይኑን በጨው አጥቦ «እኛ ዘንድ የለም» አላት። ቀጥሎ መቶ ፐርሰንቱን አወጣ። ቀጥሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና እናቱን አወጣ። ሴትዮዋ ልቧ ተነካ፤ ፈረሙ።

አርብ ኬክ ተቆረጠ። ክሬሙ አረንጓዴ ነበር፤ ያዘዝኩት እኔ አይደለሁም። ጉግሳ ስለ ራእይ፣ ስለ ጥራትና ስለ ቡድን ሥራ ንግግር አደረገ። ግዛቸው ቋሚ ሠራተኛ ተባለ። እኔ ደግሞ «አንዳንዴ ኔጌቲቭ ብትሆንም ትጠቅመናለች» ተባልኩ። ከጭብጨባው በኋላ ጠጋ ብዬ «አሁን ቀይዋን ወደ ቦታዋ እንመልሳት?» አልኩት።

«ኔክስት ቨርዥን ላይ» አለኝ አፉ በኬክ ተሞልቶ። የተረፈውንም በካርቶን አድርጎ ሰጠኝ። «ይቺን ለእማዬ ነገ አድርሺልኝ። እኔ ዊኬንዱን ፎርት ዎርዝ ኢንስታል ሳደርግ ነው የምውለው።»

ኩላሊቱ ለታመመ ሰው የቸኮሌት ኬክ። ጉግሳ እንዲህ ነው። እናቱን ግን ከልቡ ይወዳቸዋል፤ ይህን ካላልኩ ግፍ ይሆንብኛል።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የእማማን በር አንኳኳሁ። «ግቢ፣ ክፍት ነው» አሉ ከውስጥ። እማማ የትምወርቅ እንግዳ ሲመጣ በር ድረስ ወጥተው ካልተቀበሉ ሰላምታ የሰጡ አይመስላቸውም። ያን ቀን አልተነሱም። ሶፋው ላይ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ተነፍቷል፣ ዐይኖቻቸው ሊከደኑ ደርሰዋል፣ እግሮቻቸው ጫማ አልገባ ብለው ምንጣፉ ላይ ተዘርግተዋል። ትንፋሻቸው በመሃል ይቆማል፣ ከዚያ እንደገና ይቀጥላል።

«እማማ! ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆንኩ፣ ደህና ነኝ። ቁጭ በይ። ምን ልስጥሽ?»

«ትናንት ዲያሊሲስ ሄደዋል?»

«እህ... ልጆችሽ ደህና ናቸው?»

ልጆች የሉኝም። ይህን እማማ ከማንም የበለጠ ያውቃሉ፤ በየሳምንቱ የሚወቅሱኝ እሳቸው ናቸው።

«እማማ፣ ሹፌሩ መጥቷል ወይስ አልመጣም?»

«አልመጣም» አሉ። «ረቡዕም አልመጣም። ሁለቱንም ቀን ለብሼ ጠበቅኩት።»

«ታዲያ ስልኩ ደውሎ ሲጠይቅዎት ምን አሉ?»

«አንድን ተጫንኩ።»

«አንድ እኮ መጥቷል ማለት ነው!»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። አንቺው አይደለሽ የምትናገሪው? ጥሩ አድርገሽ ነው የምታስረጂው።»

«ታዲያ ለምን?»

«ሁለትን ብጫን አናስን ያባርሩታል» አሉ፣ በየቃሉ መሃል እያረፉ። «ሹፌሩን ማለቴ ነው። ሁለት ሕፃናት አሉት፣ ሚስቱም ከሥራ ተቀንሳለች። ይሄ ሥራ የሚገኝበት ዘመን ነው? አንድ ሁለት ቀን ቢሳሳት እንጀራውን ልዝጋበት? ደግሞስ ድርጅቱ የማን ነው? የገዛ ልጄን ሥራ በስልክ ላሳጣ?»

«ከማዕከሉስ አልደወሉም?»

«ነርሷ የእኛው ልጅ ነች፣ ደውላልኝ ነበር። እንግዳ መጥቶብኝ ነው፣ ሰኞ እመጣለሁ አልኳት።»

«እርስዎ ብቻ ነዎት እንዲህ የሚያደርጉት?»

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል አስተያየት አዩኝ። «ሁላችንም አንድን ነው የምንጫነው። እነ ጥሩወርቅም፣ እነ ውባለምም። ማንም ሁለትን እንዳይጫን ተነጋግረናል እኮ።»

ተነጋግረዋል! መቶ ፐርሰንቱ በስብሰባ የጸደቀ ነው። አናስ ምንም እንዳላጠፋ፣ የእሳቸው ስም ስልኩ ላይ ጭራሽ እንዳልታየው፣ ጥፋቱ የሶፍትዌሩ እንደሆነ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ደሜ ፈልቷል፣ በማን ላይ እንደሆነ ግን ለይቼ አላውቅም። እንባዬም መጣ። ይሉኝታ የሌላት አንዲት ቴስት ብቻ ስለ እኚህ ሴትዮ እውነቱን ስትጮህ ከርማለች፤ እኛ ደግሞ ሦስት የተማርን ሰዎች ሆነን አፏን ዘጋናት።

ስልኬን ሳወጣ እማማ እጄን ያዙኝ። «አምቡላንስ አትጥሪ፣ ጎረቤቱ ይደነግጣል። በሞቴ፣ በሞቴ አትደውዪ።»

ደወልኩ።

ጉግሳ ከፎርት ዎርዝ ድረስ እንዴት እንደነዳ አላውቅም፤ የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል መጋረጃ ጋ ሲደርስ የመኪናው ቁልፍ በእጁ እንዳለ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ያዝኩትና ሁሉንም ነገርኩት፤ ረቡዕን፣ አርብን፣ ቁጥር አንድን፣ የእናቶቹን ስምምነት። ስጨርስ መቶ ፐርሰንቱን አላነሳብኝም። ለወትሮው ቢሆን ልቤ ቅቤ ይጠጣ ነበር፤ ያን ዕለት ግን አሳዘነኝ።

ወጣቱ ዶክተር እማማ አልጋ ጎን ቆሞ ነበር። «አስተርጓሚ ትሆነኛለህ?» አለው ጉግሳን። «ደረቷን ያማታል? ትንፋሽ ያጥራታል?»

ጉግሳ ጠየቃቸው። እማማ የኦክስጅኑን ጭንብል በአንድ እጃቸው ከፍ አደረጉ።

«ምንም አላመመኝም በለው። ስንት በሽተኛ እየጠበቀው ነው፣ አታስቸግረው። ደህና ነች በለው።»

«ደህና ነኝ ትላለች» አለ ጉግሳ በእንግሊዝኛ።

ዶክተሩ ራሱን ነቅንቆ ሊጽፍ ጎንበስ ሲል ጉግሳ ክንዱን ያዘው።

«አትጻፈው» አለ። «ውሸቷን ነው። እናቴ ትዋሻለች። እያመማት ነው፣ መተንፈስ አቅቷታል፣ ዲያሊሲስ ሁለቴ ቀርታለች። የምትልህን አትስማት። እግሯን እየው።»

ዶክተሩ አንሶላውን ገልጦ እግራቸውን በጣቱ ጫን አደረገው። ጣቱ ከተነሳ በኋላም ስርጉዱ አልሞላ አለ። ጮክ ብሎ ሰው ጠራ፤ ሁለት ነርሶች ሮጠው መጡና አልጋውን ወደ ዲያሊሲስ ክፍል መግፋት ጀመሩ።

እማማ እንግሊዝኛ አይሰሙም ብለን እናስብ ነበር። ጭንብሉን እንደገና ከፍ አድርገው ልጃቸውን አዩት።

«ጉግሳ፣ በሰው ፊት ውሸታም አልከኝ?»

«አዎ እማዬ» አለ እያለቀሰ። «አልኩሽ።»

የአልጋውን ብረት ይዞ አብሯቸው ገባ።